ትንሿ ጣቴ እስክትመለስ

በቀኝ ክንዴ ውስጠኛ ገጽ፣ ከእጄ አንጓ ዘጠኝ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ የተሸበሸበ ጠባሳ አለ። ከጠባሳው ተነሥቶ በትንሿ ጣቴ በኩል ወደ መዳፌ በሚወርደው መስመር ላይ ደግሞ ለአንድ ዓመት ያህል በሰማያዊ እስክሪብቶ የተነጠቡ ምልክቶች ነበሩ። በየቅዳሜው ጠዋት ቡናው እስኪፈላ ድረስ እጄን ጠረጴዛ ላይ እዘረጋና በግራ እጄ ጣት ከመዳፌ ጀምሬ ወደ ክርኔ አቅጣጫ ቀስ እያልሁ አንኳኳለሁ፤ አንዲት ቦታ ላይ ስደርስ፣ ቢቆነጥጧት እንኳ የማይሰማት ትንሿ ጣቴ ድንገት ትነዝረኛለች። ያችን ቦታ ምልክት አደርግባትና ካለፈው ቅዳሜ ነጥብ ያላትን ርቀት በልብስ ሰፊ ሜትር እለካለሁ። አንዳንዱ ሳምንት ሰባት ሚሊሜትር ነው፤ አንዳንዱ አምስት፤ አንዳንዱ ምንም።

ማንኳኳቱን ያስተማረችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዬ ናት። ዘዴው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ትሩፋት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1915 ዡል ቲኔል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነርቫቸው የተጎዳ ወታደሮችን ሲመረምር ጻፈው፤ በዚያው ዓመት ከግንባሩ ማዶ ጀርመናዊው ፓውል ሆፍማን ያንኑ ነገር ለብቻው ጽፎታል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ቲኔል ስሜቱን የሰየመው በጉንዳን መርመስመስ ነው። እጁ ደንዝዞ ሲነቃ “ጉንዳን ወረረኝ” ለሚል ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የሚነዝረው ቦታ አዲስ የሚያድገው የነርቭ ክር ጫፍ የደረሰበት ነው፤ ጫፉ ገና ሽፋን ስላላበጀ ሲነኩት ይቆጣል።

ጉዳቱ የደረሰብኝ የተሰነጠቀ የመስኮት መስታወት በራሴ እቀይራለሁ ብዬ ነው። ደሙ አስደንግጦኝ በአቅራቢያዬ ወደነበረ ክሊኒክ ሮጥሁ፤ ቁስሉ ታጥቦ ተሰፋ፤ የቴታነስ መርፌም ተወጋሁ። ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ግማሽ እንደደነዘዙ ስናገር “ነርቩ ተነክቶ ይሆናል፤ በመድኃኒት ይመለሳል” ተባልሁና የቢ1፣ የቢ6 እና የቢ12 ቅይጥ ኪኒን ታዘዘልኝ። ፋርማሲስቷም ኪኒኑን በከረጢት እያስገባች “የነርቭ መድኃኒት ነው፤ እንዳያቋርጡ” አለችኝ። “ይመለሳል” የሚለውን ቃል ይዤ ሰባት ሳምንት ጠበቅሁ።

እናቴ ግን ኪኒኑን አላመነችውም። “ልጄ፣ ጅማትህ ዞሮ ይሆናል፤ ወጌሻ ቢያሽልህ ይለቅሃል” እያለች ትወተውተኝ ነበር። እኛ ዘንድ ነርቭም፣ የጡንቻ ማሰሪያውም፣ አንዳንዴ የደም ሥሩም “ጅማት” ተብሎ ስለሚጠራ፣ የዞረ ነገር በእሽት ይመለሳል የሚለው ሐሳብ ከቋንቋው ውስጥ ራሱ የሚበቅል ይመስለኛል። ወጌሻ ዘንድ አልሄድሁም፤ በዚህም ከእናቴ የተሻልሁ አዋቂ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን እርሷ በእጅ እንዲመለስ የጠበቀችውን እኔ በኪኒን እንዲመለስ እየጠበቅሁ ስለነበር በመካከላችን የነበረው ልዩነት እንዳሰብሁት ሰፊ አልነበረም።

በሰባተኛው ሳምንት እንጀራ ስቆርስ አውራ ጣቴ አቅም አጣ፤ የቤቴን ቁልፍ ማዞርም ተሳነኝ። ሁለቱ ጣቶቼ ወደ ውስጥ መቆልመም ጀመሩ። የእጅ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ስቀርብ የጠየቀኝ ነገር ጥቂት ነበር። አንድ ወረቀት በአውራ ጣቴና በአመልካች ጣቴ ጎን መካከል አስያዘኝና ሳበው፤ ወረቀቱን ላለመልቀቅ ስታገል አውራ ጣቴ ሳላዘው ጫፉ ላይ ታጠፈ። “ይህ ነርቭ የተነካ አይደለም፤ የተቆረጠ ነው” አለኝ። “የተቆረጠ ነርቭ ደግሞ በኪኒን አይገናኝም።”

ክንዴ ሲከፈት ሁለቱ የነርቭ ጫፎች ተሸሽተውና ጠባሳ ለብሰው ተገኙ። ጠባሳው ተቆርጦ ሲጣል አራት ሴንቲሜትር ክፍተት ስለቀረ፣ ከግራ ባቴ ጀርባ የስሜት ነርቭ ተወስዶ እንደ ድልድይ ተሰፋበት። የግራ እግሬ የውጭ ጠርዝ እስከ ዛሬ ደንዝዞ አለ፤ ጫማ ሳደርግ አበዳሪዬን አስታውሳለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱን ጫፎች በቀጥታ መስፋት ይቻል እንደነበር ሐኪሙ አልሸሸገኝም። ኪኒኑ በራሱ አልጎዳኝም። የጎዳኝ እየሠራልኝ ነው ብዬ ዝም ማለቴ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን ጥያቄው ተመልሶ መጣ፤ አሁን ደግሞ በአግባቡ። ነርቩ ተሰፍቷል፤ ማደግ ጀምሯል፤ ታዲያ ይህን እድገት የሚያግዝ መድኃኒት የለም ወይ? ሌሊት ሌሊት ስልኬን ይዤ የማነበው ይህንኑ ሆነ።

ለማወቅ የቀለለኝ ነርቭ ያለ መድኃኒትም ማደግ እንደሚችል ነው። እንግሊዛዊው ኦገስተስ ዋለር በ1850 የእንቁራሪት ምላስ ነርቮችን ቆርጦ ከቁራጩ በታች ያለው ክፍል በቀናት ውስጥ እንደሚበጣጠስ አሳየ። የሚጠፋው ከምንጩ ስለተለየ ነው፤ በክንዴ ውስጥ የሚያልፈው እያንዳንዱ ክር አንገቴ አካባቢ ከተቀመጠ የአንድ ሕዋስ አካል የተዘረጋ ረጅም እጅ ሲሆን፣ ከዚያ የተቆረጠ ቁራጭ ስንቅ የለውም። ይሁን እንጂ ክሩን ሸፍነው የኖሩት የሽዋን ሕዋሳት አይጠፉም። የፈረሰውን ሽፋን ያጸዳሉ፤ በመስመር ተሰልፈው ባዶ ቦይ ይሠራሉ፤ ክሩን የሚጠራ ኬሚካልም ይለቅቃሉ። ከላይ ያለው ክር ደግሞ ጫፉን እንደ መዳፍ ዘርግቶ እየዳሰሰ በቦዩ ውስጥ ይወርዳል። ፍጥነቱ በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የክሩ አጽም የሚሠራባቸው ፕሮቲኖች ከሕዋሱ አካል የሚጓዙት በቀን ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ከዚያ ብዙ ሊፈጥን አይችልም።

እንግሊዛዊው ኸርበርት ሴደን በ1943 የነርቭ ጉዳትን በሦስት ደረጃ ከፍሎታል፤ ክሩ ሳይቆረጥ መልእክት ማስተላለፉ ብቻ የተቋረጠበት፣ ክሩ ተበጥሶ ቦዩ የተረፈበት፣ ሁሉም ነገር የተቆረጠበት። የመጀመሪያው በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይመለሳል። ሁለተኛው በቀን አንድ ሚሊሜትር እየተጓዘ ይመለሳል። ሦስተኛው ካልተሰፋ መንገድ የለውም። “በመድኃኒት ይመለሳል” የሚለው ማጽናኛ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ዓይነት ጉዳት የደረሰበት ሰው ኪኒን ውጦም ሳይውጥም ይድናልና፣ ከዳነ በኋላ ምስጋናው ለኪኒኑ ይሰጣል፤ ጎረቤቱም ያንኑ ኪኒን ይገዛል።

በፋርማሲ መስኮት ላይ “የነርቭ መድኃኒት” የሚባለው ቢያንስ ሦስት የተለያየ ሥራ ያላቸውን ነገሮች በአንድ ስም ይጠራል። አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን የሚያቃጥለውንና የሚጠዘጥዘውን ሕመም ያስታግሳሉ፤ እኔም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሌሊቱን ያለፍሁት በአንዱ እገዛ ነው። ነርቭ ግን አያሳድጉም። ቫይታሚኖቹ ሁለተኛዎቹ ናቸው። ቢ12 የጎደለው ሰው ነርቩ በእርግጥ ይጎዳል፤ ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስዱ ሰዎች ይህ ጉድለት ሊገጥማቸው ይችላል፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንም ከአይሶኒያዚድ ጋር ቢ6 የሚሰጣቸው መድኃኒቱ ነርቫቸውን እንዳይጎዳ ነው። እነዚህ ሰዎች የጎደለውን መሙላት ይገባቸዋል። ያልጎደለው ሰው ግን ሌላ ነው። በአይጦች ላይ ሜቲልኮባላሚን የተባለው የቢ12 ዓይነት በከፍተኛ መጠን ተሰጥቶ እድገቱን እንዳገዘ ታይቷል፤ እንደ እኔ ያለ የተሰፋ ነርቭ ላለው ሰው ይህ ተስፋ እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም። ቢ6 ደግሞ ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ በ1983 በቀን ከ2 እስከ 6 ግራም ሲወስዱ የቆዩ ሰባት ሰዎች አረማመዳቸው እስኪናጋ ድረስ እግርና እጃቸው መደንዘዙ በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። የታዘዘልኝ መጠን ከዚያ እጅግ ያነሰ ቢሆንም፣ “ቫይታሚን ስለሆነ ምንም አያደርግም” ብዬ እጥፍ ልውሰድ ባሰብሁበት ሳምንት ይህን ማንበቤ አስተረፈኝ።

ሦስተኛው ሥራ፣ ማለትም ክሩን በእርግጥ ማፋጠን፣ ከየትም ይልቅ ታክሮሊመስ የተባለ መድኃኒት ላይ ይታያል። በ1984 በጃፓን ጹኩባ አካባቢ ከተወሰደ አፈር ውስጥ ከነበረ ባክቴሪያ የተገኘ ሲሆን፣ በ1994 አሜሪካ ውስጥ የጉበት ንቅለ ተከላ ላደረጉ ሰዎች ተፈቀደ። ዋና ሥራው ሰውነት የተተከለለትን ባዕድ አካል እንዳይጥል መከላከያውን ማዳከም ነው። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ግን ተመራማሪዎች የዳሌ ነርቫቸው ለተጨፈለቀ አይጦች ሲሰጡት የነርቭ ክሮቹ ከተለመደው ፈጥነው አደጉ። ከዚያም በ1998 በፈረንሳይ ሊዮን የመጀመሪያው ዘመናዊ የእጅ ንቅለ ተከላ ሲደረግና ሌሎችም ሲከተሉ፣ እነዚያ ሰዎች የሚወስዱት መድኃኒት ታክሮሊመስን የጨመረ ስለነበር፣ በሌላ ሰው እጅ ላይ ስሜት መመለሱን ሐኪሞች በከፊል ለእርሱ ሰጡት። መከላከያን የሚያዳክምበት መንገድና ነርቭን የሚያግዝበት መንገድ የተለያዩ መሆናቸውን የሚጠቁሙ ጥናቶችም ስላሉ፣ አንዱን ከሌላው የመለየት ሕልም ለብዙ ዓመታት ሲታለም ኖሯል።

ይህን ሁሉ አንብቤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሜ ፊት ቀረብሁ። ስሙን ስጠራለት ፈገግ አለ፤ የጠየቅሁት የመጀመሪያው ሰው አልነበርሁም ማለት ነው። “ለትንሿ ጣትህ ብዬ ኩላሊትህን ላስይዝ?” አለኝ። መድኃኒቱ ኩላሊት ይጎዳል፤ ስኳር ያስነሣል፤ ሰውነትን ለኢንፌክሽን ክፍት ያደርጋል፤ የተኛ የሳንባ ነቀርሳ በብዙዎች ደረት ውስጥ ባለበት አገር ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እጅ ለተተከለለት ሰው ያለ እርሱ እጁ ይወድቃልና ዋጋው ተገቢ ነው። ለእኔ አልነበረም። አሁን ተመራማሪዎች መድኃኒቱን በስፌቱ ዙሪያ ብቻ ቀስ እያለ በሚለቀቅ ነገር ውስጥ አስቀምጠው፣ ወደ ደም ብዙ ሳይገባ እዚያው እንዲሠራ ለማድረግ እየሞከሩ ነው። ከማነበው ሁሉ ልቤን የሚያነሣው ይህኛው ነው፤ መንገዱ ከነርቭ ተፈጥሮ ጋር የሚስማማ ይመስለኛልና።

ከእርሱ በፊት የነበረው ትልቅ ተስፋ ያልተሳካበትን ምክንያት ማወቅም ያስተምራል። ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ በሙሶሊኒ የዘር ሕግ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ስትባረር ቱሪን ውስጥ መኝታ ክፍሏን ቤተ ሙከራ አድርጋ የዶሮ ሽሎችን ነርቮች ትመረምር ነበር፤ በዚያ የጀመረችው ጥያቄ በኋላ በአሜሪካ የነርቭ ማሳደጊያ ፋክተርን ወደማግኘት አደረሳትና በ1986 ከስታንሊ ኮኸን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ነርቭን የሚያሳድግ ነገር ስሙ ላይ ተጽፎ ከተገኘ በመርፌ መስጠት ብቻ የቀረ ይመስላል። ነገር ግን በስኳር ምክንያት ነርቫቸው በተጎዳ ከ1,000 በላይ ሰዎች ላይ የተደረገው ትልቅ ሙከራ ውጤት በ2000 ሲወጣ ጥቅም አልተገኘበትም፤ መርፌው የገባበት ቦታም ያምማቸው ነበር። የሚገርመው፣ ያው ንጥረ ነገር በጠብታ መልክ ተዘጋጅቶ በ2017 በአውሮፓ፣ በ2018 በአሜሪካ የስሜት ነርቩ ለሞተበት የዓይን ብሌን ሽፋን ተፈቅዷል፤ በቀን ስድስት ጊዜ ለስምንት ሳምንታት ይጨመራል። በመላ ሰውነት ሲበተን ያልሠራው፣ በሚፈለግበት ቦታ ላይ ሲቀመጥ ሠራ። 4-አሚኖፒሪዲን የተባለ መድኃኒትም አለ፤ በአሜሪካ ከ2010 ጀምሮ መልቲፕል ስክለሮሲስ (በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ያሉ የነርቭ ክሮች ሽፋን የሚጎዳበት በሽታ) ላለባቸው ሰዎች ለመራመድ የሚሰጥ ሲሆን፣ ነርቫቸው በተጨፈለቀ አይጦች ላይ ጥሩ ስለታየ በሰው ላይ እየተሞከረ ነው።

ይህን ሁሉ ያነበብሁት ሩቅ አገር ያለ ተስፋ ፍለጋ ነበር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዬ ግን አንድ ቀን ጣቶቼን እያፍታታች፣ ነርቭን በመድኃኒት የማትረፍ ሥራ እዚሁ አዲስ አበባ በየዕለቱ የሚሠራ መሆኑን ነገረችኝ። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ከ1965 ጀምሮ የሥጋ ደዌን ሲያክምና ሲያስተምር የኖረ ተቋም ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የሚወደው ነርቭን ሲሆን፣ ከሁሉ አብልጦ የሚጎዳውም የእኔኑ ነርቭ፣ በክርን ጀርባ የሚያልፈውን ነው፤ የተቆለመሙ ጣቶቼን በመስተዋት ሳይ በልጅነቴ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያየኋቸው ሰዎች እጆች ትዝ ያሉኝ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ ነርቩ ውስጥ እብጠት ይነሣል፤ እብጠቱ በማይለጠጥ ሽፋን ውስጥ ክሮቹን ያንቃቸዋል። ያኔ ፕሬድኒሶሎን የተባለ እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት በከፍተኛ መጠን ተጀምሮ ለወራት እየቀነሰ ይሰጣል፤ ብዙ ሰዎችም የጠፋ ስሜታቸውንና ጉልበታቸውን መልሰው ያገኛሉ።

ፕሬድኒሶሎን ክሩን አይጎትተውም፤ ያነቀውን እጅ ነው የሚያላቅቀው። ስለዚህም ሁሉም ነገር በጊዜው ላይ ይመሠረታል። ኔፓልና ባንግላዴሽ ውስጥ ከ6 እስከ 24 ወር የቆየ የነርቭ ጉዳት ባላቸው ሕሙማን ላይ ሲሞከር ከባዶ ኪኒን የተሻለ ጥቅም አልታየበትም። ሕክምናውን ከ20 ሳምንት ወደ 32 ሳምንት ማስረዘምም ብዙ አልጨመረም። የሚያድነው ቶሎ መጀመሩ ነው፤ ለዚህም ነው የጤና ሠራተኞቹ ሕሙማኑን በየጊዜው በእስክሪብቶ ጫፍ መዳፋቸውን እየነኩ “ይሰማዎታል?” የሚሏቸው። እኔን በሰባቱ ሳምንታት ውስጥ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ይኸው ነገር በሠፈራችንም ደርሷል። ጎረቤታችን እትዬ አንድ ጠዋት ፊታቸው በግራ በኩል ወድቆ፣ ዓይናቸው አልከደን ብሎ፣ ውኃ ሲጠጡ በከንፈራቸው ጥግ ሲንጠባጠብ ተነሡ። ሠፈሩ በአንድ ቃል “ምች ነው” አለ፤ ዳማከሴ ተጨምቆ መጣ። ዳማከሴውን ማንም አልከለከለም፤ ልጃቸው ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ሐኪሙ በአንጎል የደም ዝውውር መታወክ የመጣ አለመሆኑን ካረጋገጠ በኋላ የፊት ነርቭ ማበጥ መሆኑን ነግሯቸው ፕሬድኒሶሎን አዘዘ። ነርቩ በጠባብ የአጥንት ቱቦ ውስጥ ስለሚያልፍ ሲያብጥ መሸሻ የለውም። በ2007 የታተመ የስኮትላንድ ጥናት በ72 ሰዓት ውስጥ ይህን መድኃኒት ከጀመሩት መካከል በዘጠኝ ወር 94.4 በመቶው ሙሉ በሙሉ እንደዳኑ፣ ካልወሰዱት ግን 81.6 በመቶው እንደዳኑ አሳይቷል። ቁጥሩን ለእትዬ ስነግራቸው የያዙት ሁለተኛውን ነው። “ካልወሰዱትም ይህን ያህል ከዳነ ዳማከሴዬን ለምን ትንቁብኛላችሁ?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ክርክሩን በትክክል ነበር የያዙት። እርሳቸው በሁለት ወር ውስጥ ቀና አሉ፤ ለየትኛው ምስጋና እንደሚገባው እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

እኔ ግን ያነቀኝ እብጠት አልነበረም፤ መስታወት ነበር። ለእኔ የቀረው የሒሳብ ጉዳይ ነው። ከስፌቱ እስከ ትንሿ ጣቴ ጫፍ 22 ሴንቲሜትር፣ በቀን አንድ ሚሊሜትር ሲሄድ 220 ቀን፤ ክሩ ሁለቱን ስፌቶች እስኪሻገር የሚወስደው አንድ ወር ያህል ሲጨመርበት ስምንት ወር ያልፋል። በመዳፌ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ደግሞ ነርቭ ሳያገኙ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ከቆዩ መቀበያቸው እየጠፋ፣ ሥጋቸውም በጠባሳና በስብ እየተተካ ይሄዳል። ቦዩን የሠሩት የሽዋን ሕዋሳትም ረጅም ጊዜ ሲጠብቁ ይደክማሉ። ስለዚህ የነርቭ ማፋጠኛ መድኃኒት የሚፈለገው ለትዕግሥት ማጣት አይደለም፤ ነርቩ ከክርኑ በላይ ለተቆረጠበት ሰው በቀን ሁለት ሚሊሜትር ማለት የሚሠራ እጅና የማይሠራ እጅ ማለት ነው። መስታወቱ ሠላሳ ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ አግኝቶኝ ቢሆን ለሐኪሜ “ኩላሊቴን አስይዝ” ለማለት የምችል ይመስለኛል።

በአሥረኛው ወር ሰማያዊዎቹ ነጥቦች ከአንጓዬ አልፈው መዳፌ ውስጥ ጠፉ። የደሜ የቢ12 መጠን ሲለካ ጤናማ ስለነበር ኪኒኑን አቁሜያለሁ፤ የተረፉት ሁለት ወረቀቶች እናቴ መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ ጉልበቷን ሲያማት አንዳንድ ትወስዳለች፤ ተናግሬ ተናግሬ ተውሁት። የስኒ ሙቀት በትንሿ ጣቴ ስይዝ ይሰማኛል፤ የሚሰማኝ ግን ትንሿ ጣቴ ላይ ሳይሆን የቀለበት ጣቴ ጎን ላይ ነው፤ ክሮቹ ሲወርዱ አንዳንዶቹ የሌላውን ቦይ ይዘው ገብተዋልና። ይህን የሚያስተካክል ኪኒን የለም፤ አንጎል አዲሱን አድራሻ እንዲለምድ የሚደረግ ልምምድ ነው ያለው። ባለሙያዬ ማታ ማታ ዓይኔን ጨፍኜ ሳህን ውስጥ እህል በትንሿ ጣቴ ብቻ እየዳሰስሁ እንድለይ አዝዛኛለች። ባቄላን ከሽምብራ በመጀመሪያው ሳምንት ለየሁ። ሽምብራን ከምስር ለመለየት አንድ ወር ወሰደብኝ። ጤፍ ገና ነው።